ቤት፣ ሥራና ውርስ፦ በየዕለቱ የሚያጋጥሙ የሕግ ጉዳዮች

በኢትዮጵያ ቤት ሲሸጥ፣ ሰው ሲቀጠር፣ ንብረት ያለውም ሰው ሲሞት የሚነሣውን ክርክር የሚገዙት ሕጎች የተለያዩ ናቸው። የንብረት፣ የውልና የውርስ ደንብ በአብዛኛው የሚገኘው በ1952 ዓ.ም. ወጥቶ ከመስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ነው። ይህን ከ3,300 በላይ ቁጥሮች ያሉትን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ዘውዱ ወርዶ፣ ደርግም አልፎ፣ ዛሬም ችሎት ላይ የሚጠቀሰው እሱው ነው። የባልና ሚስት ንብረት የሚዳኘው በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ነው። ይህ ሕግ በቀጥታ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ሲሆን፣ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ ያወጣሉ። የግል ድርጅት ሠራተኛን ጉዳይ የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በእነዚህ ሕጎች ላይ የሚሰጠው ትርጉም ደግሞ በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

ፍርድ ቤት የተሸነፈ ሁሉ መብት ያልነበረው ሰው አይደለም። መብት ኖሮት ወረቀት ያልያዘ፣ ወረቀት ይዞም ምስክር ያላስፈረመ፣ ሁለቱንም አሟልቶ ቀኑ ያለፈበት ባለጉዳይ ብዙ ነው። በንብረት፣ በሥራና በውርስ ጉዳይ በተደጋጋሚ የሚታየው ጉዳት ከእነዚህ ከሦስቱ ከአንዱ የሚመጣ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ርዕስ ሥር በተለይ እነሱ ይታያሉ።

መሬትና ቤት በሕግ ፊት አንድ አይደሉም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። በመሬቱ ላይ በጉልበት ወይም በገንዘብ የተሠራው ቤት ግን የሠሪው ነው፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል፣ በመያዣነት ይሰጣል። ስለዚህ ባዶ ቦታ ‹‹ሸጫለሁ፣ ገዝቻለሁ›› ተብሎ የሚፈረም ወረቀት ከመነሻው ሕግ የማያውቀው ነው። ገበሬውም በእርሻ መሬቱ ላይ ያለው መብት የይዞታ መብት ነው። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ የተመዘገበውን መሬት ማከራየትና ማውረስ የሚችለው የገጠር መሬት ሕግ በፈቀደው መጠን ነው፤ የመሬቱን ወራሽም የሚወስነው ከሁሉ አስቀድሞ ይኸው ሕግ ነው።

ከቤት ክርክሮች ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ያጎሳቆለው የመንደር ውል ነው። ነገሩ ሲጀመር እጅግ ቀላል ይመስላል። ደላላ ያገናኛቸው ገዢና ሻጭ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። በፍርድ ቤት አጥር ሥር ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚውል ራፖር ጸሐፊ ይጠራና የቤቱን ቁጥር፣ አዋሳኞቹን፣ ዋጋውን ይጽፋል። መጨረሻ ላይ፣ ውሉን ያፈረሰ ወገን ይህን ያህል ብር ገደብ እንደሚከፍል፣ ውሉም በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 እና 2005 መሠረት የጸና እንደሆነ የምትናገረዋ የተለመደች ዓረፍተ ነገር ትገባለች። ሦስት ጎረቤቶች በምስክርነት ይፈርማሉ፣ ገንዘብ ይቆጠራል፣ ቁልፍ ይሰጣል፣ ተመራርቀው ይለያያሉ።

የተጠቀሱት ቁጥሮች ግን ለገዢው ያን ያህል ዋስትና አይሰጡትም። ቁጥር 1731 በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ ይቆጠራል የሚለው በሕግ አግባብ የተቋቋመን ውል ነው። በቁጥር 1723 መሠረት ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነትን የሚያስተላልፍ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት መዝገብ ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት መደረግ አለበት። ያ አካል ዛሬ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ነው፤ ሕዝቡ አሁንም ድረስ ውልና ማስረጃ እያለ ይጠራዋል። ሰበር ሰሚው ችሎት የዚህን ቁጥር ትርጉም በተለያዩ ጊዜያት በተለያየ መልኩ ተመልክቶታል፤ ሻጩ መሸጡን ካልካደ የምዝገባው መጓደል ብቻውን ውሉን አያፈርስም ወደሚለው ያዘነበለበትም ጊዜ አለ። ቤቱን ያህል ነገር በሻጩ አለመካድ ላይ ማንጠልጠል ግን ለገዢ አስተማማኝ መሠረት አይደለም። የቤት ዋጋ በእጥፍ በሚያድግበት ከተማ የትናንቱ ደግ ሻጭ፣ ወይም እሱ ሞቶ የተተኩት ወራሾቹ፣ ውሉ ፈራሽ ነው ብለው የሚመጡበት ቀን አይታወቅም። ውሉ ፈራሽ ከተባለ ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ገዢው ከዓመታት በፊት የከፈለውን ብር ይረከብና ቤቱን ይለቃል፤ በዚያ ብር ዛሬ አንድ ክፍል እንኳ ላያገኝ ይችላል። አብዛኛው ሰው ይህን የሚረዳው የቤቱን ጣሪያ ካደሰ፣ አጥሩን ካጠረና ልጆቹን እዚያው ካሳደገ በኋላ መሆኑ ነገሩን እጅግ ያከብደዋል።

ከመፈረም በፊት መታየት ያለባቸው ነገሮች ብዙ አይደሉም። የመጀመሪያው ካርታው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት አስተዳደሩ የባለሀብትነት ማስረጃ የሰጠው ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ ግምቱ በማስረጃ ሊፈርስ ቢችልም መነሻው ካርታው ነው። ኮፒ አይቶ መተማመን አይበቃም። በክፍለ ከተማው ወይም በማዘጋጃ ቤቱ ካለው ማኅደር ጋር ማመሳከር፣ ቤቱ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ እንዳለበትና እንደሌለበት በጽሑፍ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የሻጩ ትዳር ነው። በጋብቻ ውስጥ የተገኘ ንብረት የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ ካርታው በአንዱ ስም ብቻ መውጣቱ ይህን አይለውጠውም። የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ተጋቢ ውሉን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ሳያውቅ ቢቆይም ውሉ በተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲፈርስለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል። ነጠላ ነኝ ያለ ሻጭ ያላገባ ማስረጃ አምጣ የሚባለው ለዚሁ ነው፤ ማስረጃውን የጠየቀ ገዢ ሻጩን እንዳዋረደ ተደርጎ መታየት የለበትም።

ውጭ አገር የሚኖሩ ሰዎች ቤት የሚሸጡትና የሚገዙት አብዛኛውን ጊዜ በወኪል ነው። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ኤምባሲ የተረጋገጠ ውክልና አዲስ አበባ መጥቶ ይመዘገባል። እዚህ ላይ የሚሠራው ስሕተት ‹‹ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድርልኝ›› የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ ይበቃል ብሎ ማሰብ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ መሸጥ የሚለው ቃል በወረቀቱ ላይ በግልጽ መስፈር አለበት። ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው ያበቃል። ከሞቱ በኋላ በዚያው ወረቀት መሸጥ የወራሾችን ንብረት ያለ ፈቃዳቸው መሸጥ ነው።

ቀብድን በተመለከተ ሕጉ አጭርና ግልጽ ነው። ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ይሆናል። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ 200,000 ብር ቀብድ የሰጠ ገዢ ሐሳቡን ቢለውጥ ብሩን ያጣል፤ ሐሳቡን የለወጠው ሻጩ ከሆነ 400,000 ብር ይመልሳል። በወረቀቱ ላይ ‹‹ቀብድ›› ተብሎ መጻፉና ‹‹ቅድሚያ ክፍያ›› ተብሎ መጻፉ የተለያየ ውጤት ሊያመጣ ስለሚችል ቃሉን አስቦ መምረጥ ያሻል።

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ለረጅም ጊዜ በአከራይና በተከራይ ቃል ብቻ ሲካሄድ ኖሯል። አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና ተቆጣጣሪው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ዝቅተኛው የውል ዘመን ሁለት ዓመት ነው፤ አከራይ ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ አይችልም። ኪራዩም በባንክ ወይም በሌላ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ይከፈላል። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ ለተከራይ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ‹‹የሦስት ወር አልከፈለም›› የሚል ክስ ሲመጣ የባንኩ ደረሰኝ ከማንም ምስክር በላይ ይናገርለታል።

ወደ ሥራ ጉዳይ ሲገባ የሕጉ መንፈስ ይለወጣል። በቤት ሽያጭ ጽሑፍ የሌለው ሰው ይጎዳል፤ በቅጥር ግን ሕጉ ጽሑፍ ለሌለው ሠራተኛ ያደላል። የሥራ ውል ልዩ ፎርም አያስፈልገውም፣ በቃልም ይጸናል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌሎች ዋና ነገሮችን የያዘ የተፈረመ መግለጫ ለሠራተኛው መስጠት አለበት፤ ሳይሰጥ ቢቀር ሠራተኛው በአዋጁ ያለውን መብት አያጣም። የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይገመታል፤ በየሦስት ወሩ እየታደሰ የሚፈረም ውል፣ ሥራው በባሕርዩ ቀጣይ ከሆነ፣ ሠራተኛውን ጊዜያዊ አያደርገውም። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ በጽሑፍ ካልተደረገም እንደሌለ ይቆጠራል።

አዋጁ ሁሉንም ሠራተኛ አይሸፍንም። የመንግሥት ሠራተኛ በራሱ አዋጅ ይተዳደራል። የሥራ መሪዎች፣ ማለትም ድርጅቱን የሚመሩ፣ የመቅጠርና የማሰናበት ሥልጣን ያላቸው ሰዎች፣ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። በግለሰብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩም እንዲሁ፤ የእነሱ የሥራ ሁኔታ በሌላ ደንብ እንዲወሰን ሕጉ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ትቶታል። እስከዚያው ያላቸው መጠጊያ በ1952 ዓ.ም. በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ የተጻፉት ጥቂት አንቀጾች ናቸው። በየቤቱ ከጎሕ እስከ ውድቅት የሚሠሩት አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ሆነው ሳለ የሥራ ሰዓታቸውን የሚወስን ዝርዝር ሕግ ሳይኖር መቆየቱ ከአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ ክፍተቶች ሁሉ የከፋው ነው።

መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ የተሠራው ትርፍ ሰዓት ሲሆን ክፍያው እንደ ሰዓቱ ይለያያል። የአንድ ሰዓት ደመወዙ 40 ብር የሆነ ሠራተኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ቢሠራ ለሰዓቱ 60 ብር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ቢሠራ 70 ብር፣ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን 80 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን 100 ብር ያገኛል። ሠራተኛው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በራሱ ማስታወሻ ቢይዝ አይጎዳም፤ ክርክር ሲነሣ የሰዓት መቆጣጠሪያው ያለው በአሠሪው እጅ ነው። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታገኛለች። የታመመ ሠራተኛ በሐኪም ማስረጃ እስከ ስድስት ወር ፈቃድ አለው፦ የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወሮች በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወሮች ያለ ደመወዝ።

ክርክር የሚበዛው ስንብት ላይ ነው። አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት የሚችልባቸው ምክንያቶች በአዋጁ አንቀጽ 27 ተዘርዝረዋል፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት የሥራ ቀን ከሥራ መቅረት አንዱ ነው። አሠሪው ምክንያቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ እርምጃ መውሰድ አለበት፤ ከዓመት በፊት ያለፈውን ጥፋት እያነሡ ማሰናበት አይቻልም። በማስጠንቀቂያ ሲሆን ደግሞ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፣ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዚያ በላይ ላገለገለ ሦስት ወር አስቀድሞ ይነገራል። ሠራተኛውም በፈቃዱ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የመስጠት ግዴታ አለበት።

የሥራ ስንብት ክፍያ አሠራር ብዙ ሠራተኛ የማያውቀው ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የ30 ቀን ደመወዝ ይታሰባል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይደመርበታል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። በወር 6,000 ብር እየተከፈለው ሰባት ዓመት የሠራ ሰው ለመጀመሪያው ዓመት 6,000፣ ለቀሩት ስድስት ዓመታት በ2,000 ሒሳብ 12,000፣ በድምሩ 18,000 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ይህ ክፍያ በሕገ ወጥ መንገድ ለተሰናበተና በቅነሳ ለወጣ ብቻ የተወሰነ አይደለም። ቢያንስ አምስት ዓመት አገልግሎ በገዛ ፈቃዱ የለቀቀ ሠራተኛም፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለበት፣ ይገባዋል። የሚከፈለው ገንዘብ ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት የዘገየ አሠሪ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ሊቀጣ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ ደግሞ ያለ ምንም ክፍያ ይሰጣል፤ ‹‹ክሊራንስ አልጨረስክም›› ተብሎ ለወራት መያዣ ሊሆን አይገባውም።

ስንብቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ከተገኘ ፍርድ ቤት ወደ ሥራ እንዲመለስ ወይም ካሣ ተከፍሎት እንዲሰናበት ሊወስን ይችላል። ላልተወሰነ ጊዜ ለተቀጠረ ሰው ካሣው የአማካይ የቀን ደመወዙ 180 እጥፍ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ ግን ስንብቱ በተፈጸመ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። ሰው ሽማግሌ ልኮ፣ አለቃው እስኪለሳለስ ጠብቆ፣ ‹‹ከበዓሉ በኋላ ና›› የሚለውን አምኖ ሲመላለስ ሦስቱ ወር ያልቃል። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ክሱ ግን በጊዜው መዝገብ ውስጥ መግባት አለበት።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 ይመራል፤ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ገንዘቡ ከደመወዝ ተቆርጦ ሳይገባ የቀረበት ጊዜ ስላለ፣ ሠራተኛው መለያ ቁጥሩን ይዞ መዋጮው መግባቱን አልፎ አልፎ ማጣራት ይኖርበታል። ሠራተኛ ሲሞት የስንብት ክፍያው ለጥገኞቹ ይሰጣል። በሞት ምክንያት ለቤተሰብ የሚከፈል ጡረታ ደግሞ የውርስ ሀብት አካል ስላልሆነ ከወራሾች ጋር አይከፋፈልም። ይህ ልዩነት ብዙ ባልቴት ከባሏ ወንድሞች ጋር ያጋጫታል።

ውርስ የሚከፈተው ሰው በሞተበት ቅጽበት፣ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ነው። ከማንም በፊት የሚወርሱት ልጆች ናቸው፤ ድርሻቸውም እኩል ነው። ወንድ ወይም ሴት መሆን፣ በጋብቻ ውስጥ ወይም ከጋብቻ ውጭ መወለድ ልዩነት አያመጣም፤ የጉዲፈቻ ልጅም እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል። አንዱ ልጅ አስቀድሞ ሞቶ ልጆች ትቶ ከሆነ በእሱ ቦታ ልጆቹ ይተካሉ። ልጅም የልጅ ልጅም ከሌለ የሟቹ አባትና እናት ይወርሳሉ፤ እነሱ ከሌሉ ተወላጆቻቸው፣ ማለትም የሟቹ እኅቶችና ወንድሞች፣ ይተካሉ። ከዚያ ወደ አያቶች መስመር ይኬዳል። እስከ አራተኛው መስመር ዘመድ የጠፋ እንደሆነ ንብረቱ ለመንግሥት ይሆናል።

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ባልና ሚስት የሉም፤ ያለ ኑዛዜ በሚተላለፍ ውርስ ተጋቢ ወራሽ አይደለም። የሞተበት ተጋቢ የሚወስደው በቤተሰብ ሕግ የራሱ የሆነውን፣ ማለትም የጋራ ንብረቱን ግማሽ ነው። አንድ ሰው ሚስቱንና ሦስት ልጆቹን ትቶ ቢሞት፣ ከልጆቹም አንዱ ቀድሞት ሞቶ ሁለት ልጆች ቢኖሩት፣ ባልና ሚስቱ በጋራ ያፈሩት ቤት 6 ሚሊዮን ብር ቢያወጣ፣ 3 ሚሊዮኑ ከመነሻው የሚስትየዋ ነው። የሚወረሰው ቀሪው 3 ሚሊዮን ነው፤ በሕይወት ያሉት ሁለት ልጆች አንድ አንድ ሚሊዮን፣ የሞተው ልጅ ሁለት ልጆች ደግሞ 500,000 ብር እያንዳንዳቸው ይደርሳቸዋል። ቤቱ ከጋብቻው በፊት የተሠራ የሟቹ የግል ንብረት ቢሆን ኖሮ ግን ሚስትየዋ ከቤቱ ምንም ድርሻ የላትም። ሠላሳ ዓመት የኖረችበትን ቤት ለእንጀራ ልጆቿ እንድትለቅ ልትጠየቅ ትችላለች። ይህ የሕጉ ጠንካራ ገጽታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሊመለስ የሚችለውም በኑዛዜ ነው። ሰማንያ ሳይፈራረሙ፣ ጋብቻም ሳያስመዘግቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች፣ ግንኙነቱ ቢያንስ ሦስት ዓመት ከቆየ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረት የጋራ ይሆናል።

ኑዛዜ የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ለንስሐ አባት የሚነገረውም፣ ስለ ንብረት የሚጻፈውም ያው ኑዛዜ ነው። ምናልባትም በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ንብረቱን የሚናዘዘው አልጋ ላይ ሆኖ፣ ካህኑ በመጡበት ሰዓት፣ በቃል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቃል የሚደረግ ኑዛዜን ያውቃል፤ ለሁለት ምስክሮች መነገር አለበት። በእሱ ሊወሰን የሚችለው ግን የቀብር ሥነ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ያላደረሱ ልጆች አሳዳሪና ሞግዚት፣ እንዲሁም እያንዳንዳቸው ከ500 ብር የማይበልጡ ስጦታዎች ናቸው። ይህ መጠን በ1952 ዓ.ም. ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ጥሩ ጫማ አይገዛም። በቃል ‹‹ቤቴን ለታናሿ ልጄ›› ያለ ሰው በሕግ ፊት ምንም አላለም። ተናዛዡ ድኖ ከተነሣ ደግሞ የቃል ኑዛዜው በሦስት ወር ውስጥ ዋጋ ያጣል።

ቤት የሚሰጥበት ኑዛዜ በሁለት መንገድ ይደረጋል። የመጀመሪያው በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ተናዛዡ ራሱ ወይም እሱ እየነገረው ሌላ ሰው ይጽፈዋል። ከዚያ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ይነበባል፤ ይህ ሥርዓት መፈጸሙና ቀኑ በጽሑፉ ውስጥ ይገለጻል፤ ወዲያውም ሁሉም ይፈርማሉ ወይም አሻራ ያደርጋሉ። ዳኛ ወይም የውልና ማስረጃ ሹም በሥራው ላይ ሆኖ አንዱ ምስክር ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። ‹‹ተነበበ›› የምትለው ቃል በመዘንጋቷ ብቻ የፈረሰ ኑዛዜ ብዙ ነው። ለምስክርነት ከውርሱ ምንም የማያገኙ፣ በዕድሜም ከተናዛዡ የሚያንሱ ሰዎች ቢመረጡ ጥሩ ነው፤ ኑዛዜ የሚነበበው ተናዛዡ ሊናገር በማይችልበት ቀን ነውና። ሁለተኛው በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የሚደረገው ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቃል በራሱ እጅ ይጻፋል፤ ኑዛዜ መሆኑ በግልጽ ይነገራል፤ ቀን ተጽፎበት ይፈረማል፤ ምስክር አያስፈልገውም። በሰባት ዓመት ውስጥ ሥልጣን ባለው አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ግን ይሽራል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት ላይ አብረው መናዘዛቸው የተለመደ፣ ከፍቅርም የሚመነጭ ነው። በቁጥር 858 መሠረት ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ጽሑፍ የሚያደርጉት ኑዛዜ ፈራሽ ነው። እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ወረቀት መናዘዝ አለባቸው። ልጅን ከውርስ መንቀል የፈለገ ወላጅም ይህን በኑዛዜው በግልጽ መጻፍና ምክንያቱን መጥቀስ አለበት። ‹‹እርሷ አግብታ ሄዳለች›› የሚለው፣ በብዙ ቤተሰብ ሴት ልጅን ዝም ብሎ ለማለፍ የሚያገለግለው ምክንያት፣ ከእኩልነት ድንጋጌው ጋር ይጋጫል።

ከቀብር በኋላ ወራሾች መጀመሪያ የሚያስፈልጋቸው የሞት ምስክር ወረቀትና ከፍርድ ቤት የሚሰጥ የወራሽነት ማስረጃ ነው። ማስረጃው አመልካቹ ወራሽ መሆኑን ይናገራል እንጂ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ አይወስንም፤ ያለ ሌሎቹ ዕውቀት የወጣም ከሆነ ሊቃወሙት ይችላሉ። በንብረቱ ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው ኑዛዜ ካለ ይፈልጋል፣ ንብረቱን ይቆጥራል፣ ሟቹ የነበረበትን ዕዳ ይለያል። ከክፍፍል በፊት የቀብር ወጪ፣ የማጣራቱ ወጪና የሟቹ ዕዳ ከውርሱ ይከፈላሉ። ሁሉም ተከራካሪዎች ከፈቀዱ የሙስሊም ቤተሰብ ውርስ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል፤ አንዱ ካልፈቀደ ጉዳዩ በመደበኛው ፍርድ ቤት ይዳኛል።

በውርስ ጉዳይ ሐዘኑም፣ ይሉኝታውም፣ የታላቅ ወንድም ክብርም ተደምረው ጊዜን ይበላሉ። በቁጥር 1000 መሠረት ወራሽ የሆነ ሰው መብቱንና ንብረቱ በሌላ ሰው እጅ መግባቱን ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልጠየቀ፣ ያዡ ይርጋን አንሥቶ ሊከራከረው ይችላል። ቤቱን ታላቅ ወንድም ይዞት፣ የቀሩት ‹‹እናታችን በሕይወት እያለች አይነካም›› ብለው ሲጠብቁ፣ ሰባት ስምንት ዓመት ያልፋል። እናትየዋ ያረፈች ዕለት የአባት ድርሻ ጥያቄ ይነሣል፤ መልሱም ይርጋ ይሆናል። ቤቱን ወዲያው መካፈል ግዴታ አይደለም፤ በጋራ ይዞ መቆየትም ይቻላል። ለዚያ ግን ሁሉም ወራሾች ሆነው፣ ቤቱ የጋራቸው እንደሆነና ወንድማቸው የያዘው በሁሉም ስም እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት በአርባው ማግስት ቢፈራረሙ፣ ከወረቀቱም አንድ አንድ ቅጂ ቢይዙ ይበቃል። ካርታውንም በወራሾቹ ሁሉ ስም ማዞር ይቻላል፤ ለዚህ የወራሽነት ማስረጃው፣ የሞት ምስክር ወረቀቱና የሟቹን ሚስት ግማሽ ድርሻ የሚያሳይ ሰነድ ለክፍለ ከተማው ይቀርባሉ።